ለክፉ ቀን ኪሴ ውስጥ ምን ልያዝ? በኅዳር ስሜን ልንገባ ነው

የአዘዞዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሥራዬ ቢሮ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። እሑድ እሑድ ግን ከባልደረቦቼ ጋር በእግር እንወጣለን። እስካሁን ያየነው ቅርብ ቅርቡን ነው። አንገረብ፣ ቁስቋም፣ ቀኑ ሲደላን ደግሞ በሚኒባስ ኮሶዬ ድረስ ሄደን ገደሉን ይዘን እንጓዛለን። አሁን በኅዳር የስሜን ተራሮች ፓርክ ልንገባ ቆርጠናል። ከሳንቃበር ካምፕ ተነስተን ግጭ ካምፕ እናድራለን፣ በማግስቱ እሜት ጎጎ የሚባለውን ጫፍ አይተን ጨነቅ ካምፕ እንወርዳለን። አስጎብኚም ስካውትም (የፓርኩ ጠባቂ) ይኖረናል።

ጥያቄዬ ስለ ትልቁ ቦርሳ አይደለም። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ምግቡ በበቅሎ ይሄዳል። የምጠይቀው ኪስ ውስጥ ስለሚገባው ነው። ዩቲዩብ ላይ በትንሽ ቆርቆሮ የዓሣ መንጠቆ፣ የሽቦ መጋዝ፣ እሳት መጫሪያ ብረት፣ ኮምፓስ ደርድረው ያሳያሉ። ማየቱ ደስ ይላል። ግን ሰዎቹ ያሉበት አገር ጫካና ሐይቅ የሞላበት ነው። ስሜን ላይ መንጠቆ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ ግማሹ ዕቃ እዚህ ጎንደር የሚገኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ብርድ አልችልም። እጄ ቶሎ ይደነዝዛል። ኮሶዬ ላይ እንኳ ማለዳ ነፋስ ሲመታኝ የጃኬቴን ዚፕ ሰው ነው የሚዘጋልኝ። ስለዚህ በደነዘዘ እጅ የሚሠራ ነገር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ደባርቄ

እህቴ፣ ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ስሜን ውስጥ እንግዳ ይዞ መሄድ እንጀራዬ ነው። ጥያቄሽ ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ስሜን ላይ ሰው የሚቸገረው ዕቃ አጥቶ አይደለም። ዕቃው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ጠዋት ከካምፕ ስትነሱ አጋሰሱ ተጭኖ በአቋራጭ ወደሚቀጥለው ካምፕ ይቀድማል። እናንተ ገደሉን ይዛችሁ፣ ጭላዳ እያያችሁ፣ ፎቶ እያነሳችሁ ትከተላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ይነሳና ዳሩን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ የአንዷ ቁርጭምጭሚት ቢዞር፣ ወይ ሁለት ሰው ከቡድኑ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ያላችሁ የለበሳችሁትና ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ድንኳኑ ጨነቅ ገብቷል። ወፍራሙ ጃኬት በቅሎ ላይ ነው። ስለዚህ የኪሱ ዕቃ የትልቁ ቦርሳ ታናሽ መሆን የለበትም። ሥራው አንድ ነው፤ አንዲት ሌሊት በሰላም ማሳደር።

ኪስ ስልሽ ደግሞ ኪስ ማለቴ ነው። የጀርባ ቦርሳ ይወልቃል። ውሃ ልትቀጂ ጎንበስ ስትዪ፣ ፎቶ ልትነሺ ስትቆሚ፣ ዞር ልትዪ ስትፈልጊ መሬት ታስቀምጪዋለሽ። ዚፕ ያለው የሱሪ ወይም የጃኬት ኪስ ግን የትም አይቀርም።

አሠልጣኞች የሚሉት ነገር አለ። ሰው ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በክፉ ብርድ ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውሃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት። በግምት የተቀመጠ ቁጥር ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ልክ ነው። መንጠቆውን የሚያስጥለኝም እሱ ነው። በአንዲት ሌሊት በረሃብ የሚሞት የለም። በብርድ ግን አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ግጭ ከጎንደር ወደ 9 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ይብሳል፤ ጠዋት ጓሳ የሚባለው ሣር ላይ አመዳይ ነጭቶ ታገኚዋለሽ።

ስለዚህ አንደኛው ዕቃ ላስቲክ ነው። ትልቁ የቆሻሻ ፌስታል፣ ወፍራሙ። ሁለት ያዢ። አጣጥፈሽ አየሩን ስታስወጪው መሐረብ ያህላል። ቀይ ወይም ቢጫ ካገኘሽ ከጥቁሩ ይሻላል፣ ከሩቅ ይታያል። አለባበሱን ልንገርሽ። የተዘጋውን ጫፍ ጥግ ላይ ፊትሽ ብቻ የሚወጣበትን ያህል ቅደጂ። ከዚያ ከራስሽ ወደ ታች አጥልቂው። አፍና አፍንጫሽ ሁልጊዜ ውጭ ይሁኑ፤ አለዚያ መታፈን አለ፣ ትንፋሽሽም ውስጡን ያረጥበዋል። በሁለተኛው ከእግርሽ እስከ ወገብሽ ግቢበት። ቁጭ በይ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሳቢ፣ እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ክተቺ። እንዳትተኚ። ቀዝቃዛ መሬት ላይ የተጋደመ ሰው ሙቀቱን መሬት ይጠጣበታል። ከሥርሽ የጀርባ ቦርሳ፣ ገመድ፣ ደረቅ ጓሳ፣ ያገኘሽውን አድርጊ። ደረቅ ጓሳ በሸሚዝና በሹራብ መካከል መጠቅጠቅም ይቻላል፤ በሣሩ መሃል የሚታሰረው አየር ነው የሚያሞቅሽ። ፓርክ ውስጥ ሣር አይነጭም፣ አውቃለሁ። ይሄ ለነፍስ ሲሆን ነው።

ቱሪስቶች የሚይዙት የሚያብረቀርቅ ስስ የአደጋ ብርድ ልብስ አለ። ካገኘሽ ያዢው። ግን ብቻውን ነፋስ ይጫወትበታል፣ ከተቀደደም አለቀ። ከላስቲኩ ሥር ስታደርጊው ነው ጥሩ የሚሆነው።

ሁለተኛው ፊሽካ ነው። ፕላስቲኩ ይበቃል። ድምፅሽ በጩኸት ቶሎ ይዘጋል፣ ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለሽ ይሠራል። ሦስት ጊዜ ረዘም አድርገሽ ንፊ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ እንደገና ሦስት። ሦስት የሆነ ምልክት በብዙ አገር የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ስሜን ላይ ዕረፍቱ ራሱ ትልቅ ነገር አለው፤ እረኞቻችን ቀኑን ሙሉ ሲያፏጩ ስለሚውሉ ዝም ብሎ የሚነፋ ፊሽካ ማንም ልብ አይለውም። ሦስት፣ ዝምታ፣ ሦስት ሲሆን ግን እረኛው ራሱ ቀና ይላል። አንገትሽ ላይ በክር አንጠልጥዪው።

ሦስተኛው ትንሽ ባትሪ። 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ምሽት የሚባል ነገር ብዙም የለም። ስልክሽን ባትሪ አድርገሽ አትቁጠሪ። ብርድ ላይ ቻርጁ ሳታስቢው ይወርዳል። አጥፍተሽ ወይም አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገሽ ከሰውነትሽ ጋር ያዢው። አንዳንድ ከፍታ ላይ ኔትወርክ ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ ከመደወል ቴክስት መላክ ይሻላል። ባትሪው ኪስ ውስጥ ራሱን አብርቶ እንዳያልቅ አንዱን የባትሪ ድንጋይ ገልብጠሽ አስገቢው።

እሳት ላይ ከቪዲዮዎቹ ጋር አልስማማም። ሳንቃበር አካባቢ አስታ የሚባለው ዛፍ አለ። ከግጭ ወደ ላይ ስትወጪ የሚቀረው ጓሳና ጅብራ የሚባለው ተክል ነው፤ እርጥብ ጅብራ ደግሞ አይነድም። እንጨት መቁረጥም ክልክል ነው፣ መከልከሉም ተገቢ ነው። ስሜን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ይህን ያህል ተደክሞበታል። በደረቅ ጓሳ ላይ አንዲት እሳት ብታመልጥ ማን ያጠፋታል? ስለዚህ እሳት ለጭንቅ ብቻ ነው፣ ያውም ከሣር የጸዳ ድንጋያማ ቦታ ላይ።

ለጭንቁም ቢሆን የማልለየው ጧፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠው። ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጪ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ጠምዝዢ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ሰም በጥፍርሽ ላጥ አድርገሽ ፈትሉን አውጪው። ክብሪት ሲነካው ቶሎ ይይዛል። ክብሪት የሚነደው ለሰከንዶች ነው፣ ጧፉ ግን ለደቂቃዎች ይቆይልሻል፤ እርጥብ ጭራሮ እስኪደርቅና እስኪያያዝ ድረስ ጊዜ ይሰጥሻል። የክብሪቶቹን ራስ የቀለጠ ሻማ ውስጥ ነክረሽ አድርቂ፤ ስትጭሪ ሰሙን ፋቅ ታደርጊያለሽ። መጫሪያውን ወረቀት ቆርጠሽ አብረሽ በላስቲክ ጠቅልዪው። ላይተርም ያዢ፣ ግን በውስጥ ኪስ። ውስጡ ያለው ቡቴን ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ጋዝ መሆን ያቅተዋል። ላይተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ አይበራልሽም። ብብትሽ ውስጥ ስታሞቂው ይመለሳል።

ኮምፓስ ካወቅሽበት መልካም። ትልቁ ገደል በሰሜን በኩል ነው፣ ወደ ደቡብ መሬቱ ለዘብ ይላል። ግን የጅንባር ሸለቆም እዚያው መሃል አለና በኮምፓስ ተማምነሽ በጉም ውስጥ አትሂጂ። ገደሉ ቦታ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጉም ውስጥ አደጋ የሚደርስበት ቆሞ የጠበቀው ሳይሆን መንገድ የሚፈልገው ነው። ጉም ከሸፈነሽ ከዳሩ ራቂ፣ ቁሚ፣ ላስቲክሽን ልበሺ፣ ፊሽካሽን ንፊ። ስካውቱ ይመጣልሻል።

ምግብ? በሶ በስኳር፣ አንድ ጭብጥ። እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ብዙ ያቃጥላል፣ ለሱ ማገዶ ነው። ጭኮ ካለሽ ቅቤው ስላለበት ይበልጣል።

የወገራ ልጅ

ሰላም። እኔ ሐሳቤን በቅንነት ልናገር። አባቶቻችን ከዳባት ጎንደር፣ ከጃናሞራ ደባርቅ ሲመላለሱ ፊሽካ የያዘ አላየሁም። ዱላ፣ ጋቢ፣ በስልቻ በሶ። ተራራውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ካለ ይበቃል። ስካውቱ የተወለደበት አገር ነው። ሰው ኪሱ ውስጥ ባለው ዕቃ ተማምኖ ከቡድኑ እንዳይነጠል እፈራለሁ። ከዕቃው በፊት አብሮ መሄድ ይቅደም።

ሲስተር ከፒያሳ

ደባርቄ የጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ። የወገራ ልጅ ያለውም ትክክል ነው፣ አትለያዩ። የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ከጤናው በኩል ልጨምር።

ብርድ ሰውን የሚጥለው ድምፅ ሳያሰማ ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ አያስደንግጥሽ፣ ሰውነቱ እየታገለ ነው። ቀጥሎ ንግግሩ ይጎተታል፣ ይደናቀፋል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። አትተዉት። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ ከብዷል። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ተጠግታችሁ በሰውነታችሁ አሙቁት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭና ሞቅ ያለ ነገር ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ። አረቄ በፍጹም! ሲጠጡት የሚያሞቅ ይመስላል፣ የሚያደርገው ግን የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ማባከን ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ቤት አሁንም ለብርድ አረቄ ስለሚታዘዝ ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። ከጎንደር ሳንቃበር በመኪና ስትሄዱ በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት። ቀላል ራስ ምታት ይጠበቃል። ራስ ምታቱ እየባሰ ማስመለስ ከተጨመረበት ወደ ላይ አትቀጥሉ። ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ጠዋት አይጠበቅም፣ ይውረድ። ለዚህ የኪስ ዕቃ የለውም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ኪስሽ ውስጥ ምን ይግባ ካልሽ፦ የራስሽ የዘወትር መድኃኒት ካለ እሱ ይቅደም። ጥቂት ፓራሲታሞል፣ የቁስል ፕላስተር፣ አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ። ኦ አር ኤሱ ለ1 ሊትር ውሃ ነው። በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ሙሉውን አትበጥብጪው፣ ጨው ይበዛበታል። ትንሽ ወረቀት ላይ ስምሽን፣ የማይስማማሽን መድኃኒት፣ የቅርብ ሰው ስልክ ጽፈሽ በላስቲክ ጠቅልዪ። ስልክሽ ቢዘጋ ወረቀት ይናገራል።

ውሃ ላይ፣ የወንዙ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠራ ከላይ ከብት አለ። «ውሃ አጋር» የሚባለው ፈሳሽ የውሃ ማከሚያ ቤት ውስጥ ጥሩ ነው፣ ግን የተሠራው ለጀሪካን ነው፣ ለ20 ሊትር አንድ ክዳን። ለኪስ የሚሆነው የውሃ ማከሚያ ክኒን ነው። ፓኬቱ ላይ ለስንት ሊትር እንደሆነ አንብቢ፣ 30 ደቂቃ ጠብቂ፣ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። ከደፈረሰ አስቀድመሽ በነጠላ አጥልዪው። ካምፕ ስትደርሱ ደግሞ አፍሉ። ግጭ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ጀርም ለመግደል ይበቃል፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ብቻ ተዉት።

ወደ ቆላው ለሚወርዱ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ምላጭ ይዘው «ለእባብ» የሚሉ አሉ። እባብ የነደፈውን ቦታ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አንቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩት፣ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት።

የቅዳሜ ገበያው

እህቴ፣ «ግማሹ ዕቃ አይገኝም» ያልሽውን እኔ ልመልሰው። ሱቄ ቅዳሜ ገበያ ነው። ከመንጠቆው በቀር ሁሉም አለ፣ መንጠቆም ጎርጎራ ወርደሽ ታገኛለሽ።

መያዣው የሳሙና ማስቀመጫ ይሁን። ክዳኑ ቀጭ ብሎ የሚገጥመው የጉዞ ሳሙና ቤት። ቆርቆሮ ያማረ ነው፣ ግን ዝገት ይይዘዋል፣ ብርድ ላይም በደነዘዘ ጣት ክዳኑ አይላቀቅም። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሂጂና የተጣለ ከመነዳሪ ጠይቂ፣ በነጻ ይሰጡሻል። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጠሽ ሳሙና ቤቱን ዙሪያውን አስሪው። ክዳኑን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ጠብታም ይከላከላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከመነዳሪ ረጥቦም ይነዳል። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ሽታው መጥፎ ነው፣ እሳቱ ግን ኃይለኛ ነው።

ናስትሮ ሙሉውን ጥቅል አትያዢ። ላይተሩ ላይ ዙሪያውን ጠምጥመሽ ስትፈልጊ ትፈቺዋለሽ። የተቀደደ ጫማ፣ የተቀደደ ላስቲክ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ሁሉንም ይይዛል። ክር ከፈለግሽ ጫማ ሰፊዎች የሚሰፉበትን ሰም የተቀባውን ክር ውሰጂ፣ ጥቂት ክንድ ይበቃል፤ የልብስ ክር ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምሽም። ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ አብሮት። መርፌ ቁልፍ ትልልቁን ሁለት ሦስት። ጃኬት ዚፑ ሲበላሽ ከመርፌ ቁልፍ የተሻለ ወዳጅ የለም። ትንሽ ሰንጢ፣ እሷም በአንድ እጅ የምትከፈተዋን።

ትንሿን የመዋቢያ መስታወትም አትርሺ። ፀሐይ ካለ ፊሽካ የማይደርስበት ይደርሳል።

የአዘዞዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! ሳሙና ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ከመነዳሪውንም አዘዞ ካለ ጎሚስታ አገኘሁ። ትናንት ማታ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ላስቲኩን ለብሼ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ወዲያው ነው የቆመልኝ። ሙቀቱም ቶሎ መጣ። ግን ሁለት ነገር አየሁ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ውስጡ አልቦ ሹራቤ ረጠበ። የፊቱ ቀዳዳም ስቀመጥና ስነሳ እስከ ደረቴ ተተረተረ።

ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ከሥር ምን ልልበስ፣ ጋቢ ይሻላል ወይስ ሹራብ? ቀዳዳው እንዳይተረተር ምን ላድርግ? መስታወቱንስ ወዴት ነው የማዞረው? ፀሐዩን በግምት ወደ ሰው ስመልሰው የት እንዳረፈ አላይም።

ደባርቄ

ጎበዝ! ስሜን ሳትደርሺ ግቢ ውስጥ መሞከርሽ ትልቅ ነገር ነው። በተራ ልመልስ።

መጀመሪያ ለወገራው ወንድሜ። አባቶቻችን ያለ ፊሽካ ይሄዱ የነበረው መንገዱ ላይ ያለውን ቤት ሁሉ ስለሚያውቁ ነው። ሲመሽባቸው የሚጠሩት ስም ነበራቸው፣ «አሳድሩን» ብለው ይገባሉ። ከአዘዞ የመጣ ቢሮ ሠራተኛ ያ የለውም። ያልከው ፍርሃት ግን የእኔም ፍርሃት ነው፤ ዕቃ ይዣለሁ ብሎ ወደ ኋላ የሚቀር ሰው አለና ኪሳችሁ ሞልቶም ቢሆን ከስካውቱ ዓይን አትራቁ።

ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን እሰየው። ሲረጥብ ግን ውሃውን ይዞ ሙቀትሽን ይወስዳል፣ ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። ካምፕ ውስጥ ልበሺው፣ መንገድ ላይ የበግ ፀጉር ሹራብ ይሻላል። ሱፍ ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል። ውስጡ ማላቡ አይቀርም፣ ከነፋሱ ጋር ሲነጻጸር ግን ላቡ ይመረጣል። ከታች በኩል ክፍት ተዪው፣ አንገትሽ ጋም አልፎ አልፎ ክፈት አድርጊ። የሱፍ ቆብም ኪስሽ ውስጥ ይግባ፣ ቆብ ቦታ አይፈጅም።

ቀዳዳውን ከቤትሽ ሳትወጪ ቅደጂና ዳር ዳሩን በናስትሮ ለጥፊው። ከላይም ከታችም። አይተረተርም። ያኔ በደነዘዘ እጅ ቅደጂ የሚባለውም ይቀርልሻል፣ ዘርግቶ ማጥለቅ ብቻ ነው።

መስታወቱን ዓይንሽ አጠገብ ያዢው። ሌላውን እጅሽን ወደፊት ዘርግተሽ ሁለት ጣት ክፈቺ። ልታሳዪው የምትፈልጊው ሰው በሁለቱ ጣቶችሽ መካከል ይታይሽ። አሁን ብርሃኑ ጣቶችሽ ላይ እስኪያርፍ ድረስ መስታወቱን ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ጣቶችሽ ካበሩ ሰውዬውም ላይ ደርሷል። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያወዛወዝሽ ብልጭ አድርጊበት።

ስለ እጅሽ ደግሞ አንድ ልምምድ አለኝ፣ አዲስ ረዳቶችን የማሠራው ነው። በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ሙዪ፣ ማታ ውጭ ያደረ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። እጅሽን ጣቶችሽ አልታዘዝ እስኪሉ ንከሪው። ወዲያው አውጥተሽ ሳሙና ቤቱን ክፈቺ፣ ላስቲኩን ዘርጊ፣ ጧፉን አብሪ። ያልቻልሽውን ዕቃ ለይው። ወይ ቀይሪው፣ ወይ ክር አስሪለት። እኔ ዚፑም፣ ሰንጢውም፣ ባትሪውም ላይ የክር ቀለበት አለ፤ በጣት መቆንጠጥ ሲያቅተኝ በጥርሴ እስባለሁ። ክሩ ደማቅ ቀለም ቢሆን መሬት ሲወድቅም ቶሎ ታገኚዋለሽ። ልምምዱን አብረውሽ የሚሄዱት ሁሉ ያድርጉት። አንቺ ብርድ የማትችዪው ስለሆንሽ ተዘጋጅተሻል፣ እኔን የሚያሳስበኝ «እኔ ብርድ አይነካኝም» የሚለው ባልደረባሽ ነው።

የመጨረሻው፣ ፊሽካው ለእያንዳንዱ ሰው ይሁን። አንድ ፊሽካ ለቡድን አይሆንም፣ የሚጠፋው ያልያዘው ነው። ከሳንቃበር ስትነሱ ጠዋት ስካውቱንና የበቅሎውን ባለቤት ሰብስባችሁ ሦስት ጊዜ ንፉላቸው። «ይሄን ስትሰሙ እኛ ነን፣ ተቸግረናል ማለት ነው» በሏቸው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ይህን ለማስረዳት ይቸግረዋል፣ እናንተ ግን በአማርኛ ነው የምትነጋገሩት። 10 ሰዓት ላይ ካምፑ ካልታያችሁ ባለበቅሎው አንድ ሰው ወደ ኋላ እንዲልክም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ እስኪጨልም ያለው ሁለት ሰዓት ሰው ፈልጎ ለመመለስ ይበቃል። ጎንደር ለቀረ ቤተሰብ ደግሞ የምትመለሱበትን ቀንና የአስጎብኚውን ስልክ ተዉላቸው።